እጄን ያወጣሁበት ክረምት

ሰኞ 6

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ባለቤቴ ናት። «ከግድግዳ ጋር ከምታወራ ከወረቀት ጋር አውራ» አለችኝ። ለካ ሳላውቀው ብቻዬን ማውራት ጀምሬአለሁ። እሺ፣ እናውራ።

ከነገ ወዲያ ትልቁ ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ እንሰጣለን። ረቂቅ አዋጁ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ቁም ነገሩ ያለው አንቀጽ አራት ላይ ነው፦ ከሦስት ሺህ ሰው በታች የሚያገለግሉ ጤና ጣቢያዎች በአቅራቢያቸው ካለው ሆስፒታል ጋር «ይዋሃዳሉ»። ይዋሃዳሉ ሲባል በሩ ይቆለፋል፣ አልጋው በመኪና ተጭኖ ይሄዳል ማለት ነው። የወንዝ ማዶው ጤና ጣቢያ የሚያገለግለው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰው ነው። ሆስፒታሉ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ እሱም ወንዙ ካልሞላ። ክረምት ሲሆን ውኃው ድልድዩን እየረገጠ ያልፋል፣ ሰው ማዶ ለማዶ ተያይቶ ይቀራል።

ያን ጣቢያ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ለገዛ ደብተሬ መቼም ትሕትና አላሳይም። ሒሳብ ከማስተማር ተነሥቼ ወደ ክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት የገባሁ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በዚያ አንድ ጉዳይ ሰው ሁሉ እስኪሸሸኝ ድረስ ነዘነዝኩ። በሩ ላይ ስሜ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ታናሽ እህቴ እዚያው አዋላጅ ናት። ዛሬ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሴቶቹ ይዘጋል ወይ እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?»

«እኔ እንደምቃወም ንገሪያቸው።»

«በስምህ ልንገራቸው?»

«በስሜ ንገሪያቸው እንጂ!» አልኳት። ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ።

ማክሰኞ 7

ተጠሪው ሻይ ጋበዘኝ። ተጠሪ ማለት የድርጅታችንን አባላት ድምፅ የሚጠብቅ፣ ማን የት እንደቆመ የሚያውቅ ሰው ነው። ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ ስለማያውቅ «ለስላሳው» እንለዋለን። ስለ ረቂቁ ትንፍሽ አላለም። ድርጅቱ «በኅሊናችሁ» ብሎ ስለለቀቀን መናገርም አይችልም። ስለ ጉልበቴ ሕመም ጠየቀኝ። ከዚያ በወሬ መሀል የውጭ ግንኙነት ቋሚ ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢነት ክፍት መሆኑን፣ «የሰከነ ሰው» እየተፈለገ መሆኑን ጣል አደረገ። እንዳልሰማ ሆኜ ሻዬን አማሰልኩ። ለእኔ ምኔም አይደለም። ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው ምን ይሁን ብሎ ካውሮፕላን አውሮፕላን ይንከራተታል?

የፓስፖርቴ ጊዜ ማለፉን ዛሬ በአጋጣሚ አየሁ።

ረቡዕ 8

አለፈ። 141 ለ139።

እጄ ወጣ። በመጀመሪያው ጥሪ። ልማድ ነው። ነገ እጽፈዋለሁ።

ሐሙስ 9

ነገሩ በትክክል ይመዝገብ።

በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት፣ እኛ ትንሹ ምክር ቤት የምንለው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። እዚያ አፈ ጉባኤው ድምፅ ሲጠይቅ «የሚቃወሙ» ብሎ ይጀምራል፤ «የሚደግፉ» ይከተላል። እዚህ ትልቁ ምክር ቤት ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ደጋፊ ይቀድማል። ወደዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ቢሆነኝም የሰው እጅ ቶሎ አይማርም። ቁልፉን በቀኝ ኪሱ ሲይዝ የኖረ ሰው ሱሪው ቢቀየርም እጁ ወደ ቀኝ ኪሱ ነው የሚሄደው። ትናንት ልቃወም ተዘጋጅቼ፣ ስለ እህቴ እያሰብኩ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ጥሪ ሲሰማ እጄ ብድግ አለ። ዙሪያዬን ሳይ የወጡት እጆች የደጋፊዎቹ ናቸው።

ላውርደው? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ተማሪ እጁን አውጥቶ ቢያወርድ ይሳቅበታል፤ «ክቡር» የሚባል ሰው ሲያደርገው ደግሞ መሣቂያ ሆኖ ይቀራል። የወንበር ጎረቤቴ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ስለሚተኛ «እንቅልፌ» የሚል ስም ወጥቶለታል። እሱ እንኳ ሁለተኛው ጥሪ ላይ ነቃ፣ ለመቃወም እጁን አወጣ፣ ተቆጠረ፣ ተመልሶ ተኛ። እሱ ተኝቶ ያልተሳሳተውን እኔ ነቅቼ ተሳሳትኩ።

ይኸው ነው። ስሕተት ነው። ሰው ይሳሳታል።

ዓርብ 10

እህቴ ደወለች። በሬዲዮ የሚነገረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ማን ምን እንዳለ የሚታወቀው ቃለ ጉባኤው ታትሞ ሲወጣ ነው።

«ጋሼ፣ በሁለት ድምፅ! አይ እድላችን። አንተስ የምትችለውን አድርገሃል። ሴቶቹ ሁሉ ‹መምህር ብቻውን ምን ያድርግ› ነው የሚሉት።»

እዚያ አገር እስከ ዛሬ ስሜ መምህር ነው። «አይዞሽ» አልኳት። ሌላም ነገር አልኩ፤ ስለ ዝናቡ።

መንገር ነበረብኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት ስለ አንዲት ነፍሰ ጡር አነሣችብኝ። ቤቷ ከጣቢያው ጀርባ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ወሯ እየደረሰ ነው። «እንደው እሷን እስካዋልድ ባይዘጉት» አለች። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሰኞ እነግራታለሁ።

ሰኞ 13

አልደወልኩም። የኮሚቴ ስብሰባ ነበረን።

ለስላሳው ኮሪደር ላይ አግኝቶ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገኝ። «ትልቅ ሰው!» አለኝ።  ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

ማክሰኞ 14

የቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ ቢሮዬ መጣች። ሠላሳ ዓመት እዚህ ቤት የሠራች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ማንንም የማትፈራ ሴትዮ ናት። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ከመጽደቁ በፊት እያንዳንዱ አባል ስሙን አይቶ ይፈርማል። ስሕተት ካለ በስተቀኝ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፤ በማግሥቱ ይነበባል፣ ድምፁም እንደገና ይቆጠራል። ከዚህ ቀደም ሁለት ሦስት ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ። ማንም አልሞተም።

«ክቡር፣ ድጋፍ ላይ ነው የሰፈሩት» አለችኝ። ጣቷን ስሜ ላይ አሳርፋ አላነሣችውም።

«አይቼዋለሁ።»

«የሚስተካከል ካለ እስከ ነገ ጠዋት አለሁ።»

«ምን የሚስተካከል አለ?» አልኳት። ለምን እንደተቆጣሁ አላውቅም። ሴትዮዋ ሥራዋን ነው የሠራችው።

ፈረምኩ።

ቢስተካከልስ ምን ሊለወጥ? በሁለት ድምፅ ያለፈ ነገር ነው። የእኔ አንድ ነው።

ሐሙስ 16

ምክትል ሰብሳቢ ሆንኩ። በጭብጨባ። አዲሱ ቢሮዬ መስኮት አለው፣ ምንጣፉ እግር ያሰምጣል። የስም ካርድ ይታተምልኛል ተብያለሁ፤ ሁለት መቶ።

መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያውን ነው።

እሑድ 19

ለባለቤቴ ነገርኳት። ስለ ጥሪው ቅደም ተከተል፣ ስለ ልማዱ፣ ስለ እጄ፣ ሁሉንም። የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘመች ነበር፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ሰማችኝ። ስጨርስ መርፌውን አወጣች።

«እንዴ፣ አንተ አይደለህ እንዴ እሱን ያስቀየርከው?»

«ምኑን?»

«ያን የጥሪ ነገር ነዋ! ‹ደጋፊ ይቅደም፣ እንደ ትልቁ ምክር ቤት እንሁን› እያልክ ስንት ሳምንት ራሴን አዙረኸዋል። ንግግሩን እኔ ላይ አልነበር የተለማመድከው? ያ አጠገብህ የሚቀመጠው ባለ ወፍጮ ደግፎህ ሲያልፍልህ ጊዜ እየዘለልክ አልነበር የገባኸው?»

«እሱ ሌላ ነው» አልኩ።

«እሺ፣ ሌላ ይሁን።» መርፌዋን መልሳ በከንፈሯ ያዘች።

የምታስበው ሌላ ጉዳይ ነው። ወይም ያ የሆነው በመጨረሻው ዓመቴ ነው። ወይም በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት። ቢሆንስ? አራት ዓመት ከአሥራ ሁለት ላይ ሲነሣ ስምንት ይቀራል፤ ስምንት ዓመት ትንሽ ጊዜ አይደለም። ልማድ ነው ብያለሁ፣ ልማድ ነው።

የእሷን «እሺ» ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ።

ሐሙስ 23

ፀጉሬን ልቆረጥ ገባሁ። ፀጉር ቆራጩ ማን እንደሆንኩ ያውቃል፤ ስለዚህ ወሬው ሁሌ ስለ ምክር ቤት ነው።

«ያ የጤና ጣቢያው አዋጅ በሁለት ድምፅ አለፈ አሉ?»

«አዎ፣ በሁለት።»

«ወይ ጉድ። አንድ ሰው ብቻ ወዲያ ቢዞር እኮ እኩል ለእኩል ነበረ።»

 ከ141 ላይ አንድ ሲቀነስ 140፤ 139 ላይ አንድ ሲጨመር 140። እኩል ከሆነ ደግሞ ረቂቁ ይወድቃል፤ ይህን ሕግ በቃሌ አውቀዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ «የእኔ አንድ ነው» ስል ሰነበትኩ። ልጆቹን ስንቴ በጆሮአቸው ጎትቻለሁ ለዚህ ዓይነት ስሕተት።

«ምነው ቀዘቀዙ፣ ምላጩ ነካዎት?» አለኝ።

እሑድ 26

ባለፈው ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። የጻፍኩት መስሎኝ ነበር፤ ወደ ኋላ ገልጬ ሳይ የለም።

የዚያን ዕለት እጆች እንደወጡ ጸሐፊዋ የስም ዝርዝሯን ይዛ በየረድፉ ታልፋለች፤ እያየች ምልክት ታደርጋለች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ባለፈው ወር በጉባኤ ፊት ስለዚያው ጤና ጣቢያ የተናገርኩትን የጻፈችው እሷ ናት። ዝቅ ብላ «ክቡር፣ ድጋፍ ነው?» አለችኝ። እንደሹክሹክታ ነበር፤ ሌላ ሰው አልሰማም። ማውረድ እችል ነበር። ማንም ልብ ሳይለኝ «አይ ተሳሳትኩ» ማለት እችል ነበር።

«አዎ» አልኳት።

ግራ ገብቶኝ ነው። ድንገት ሲጠየቅ ሰው ግራ ይገባዋል።

ማክሰኞ 28

ሁለት ነገር በአንድ ቀን መጣ።

የመዝጊያው ትእዛዝ ማዶ ደርሷል። ሐሙስ ይቆለፋል። እህቴ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ተመድባለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ በእጇ የተቀበለች ሴት ካርድ ልትፈልግ ነው። እንዲያም ሆኖ ስትደውል የምታዝነው ለእኔ ነው። «ጋሼ፣ ሐሙስ ና እባክህ። ሰው ሊያመሰግንህ ይፈልጋል። ተሸነፍኩ ብለህ እንዳትቀር።»

ሁለተኛው፣ ቃለ ጉባኤው ታትሟል። ሰማያዊ ሽፋን፣ ወፍራም። እያንዳንዱ አባል አንዱን ቅጂ ፈርሞበት በገዛ እጁ ለመረጠው ሕዝብ ንባብ ቤት ማድረስ አለበት። ይህን ሥርዓት እወደው ነበር። ባለፈው ዓመት እንደ አገር ሽማግሌ ደረቴን ነፍቼ ነው የወሰድኩት።

ገጽ 212። ስሜ ከላይ ሦስተኛው ነው።

ሐሙስ 30

አውቶቡስ ውስጥ። ይንቀጠቀጣል፣ ጽሑፌ አይነበብም። መጽሐፉ ጭኔ ላይ ነው። ዛሬ እነግራታለሁ። ደፍሬ አይደለም፤ እኔ ካልነገርኳት መጽሐፉ ስለሚነግራት ነው።

ዓርብ 1

ግቢው ሞልቶ ነበር። ስገባ አጨበጨቡ። አሮጊቶች እጄን ጨበጡኝ፣ አንዷ ሳመችው፤ ያንኑ ቀኝ እጄን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር፣ እያልኩ ግን ጨበጥኩ። ከዳር ባለ ወፍጮው ቆሟል፤ ትንሹ ምክር ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ነው። ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አለኝ።

እህቴን ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ይዣት ገባሁ። አልጋው ተወስዷል፤ ሲሚንቶው ላይ የእግሮቹ አራት ምልክት ቀርቷል። መጽሐፉን አወጣሁና ገጽ 212ን ገለጥኩላት። አነበበች። ደጋግማ አነበበች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፣ እና ፈጥኜ ተናገርኩ። ስለ ጥሪው፣ ትንሹ ምክር ቤት የሚቃወሙትን ስለሚያስቀድም፣ ስለ አሥራ ሁለት ዓመት ልማድ፣ እጄ በራሱ ስለመውጣቱ። የቁልፉንና የኪሱንም ነገር አልተውኩም።

እሷ ምን አደረገች? አለቀሰች። ለእኔ!

«ውይ ጋሼ! ይህን ሁሉ ቀን ብቻህን ይዘኸው? በሞትኩት። እንዲህ ሆድህን በልቶህ ሳለ ‹አይዞሽ› ትለኛለህ እንዴ?»

መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ከመጽሐፉ ከሚያዩት እኛው እንንገራቸው» አለችና እጄን ይዛ ወጣች። በረንዳው ላይ ቆመች። ነጭ ጋውኗን ለብሳ ነበር፣ የመጨረሻ ቀኗ ስለሆነ በደንብ ተኩሳዋለች።

«ስሙኝ እስቲ። ወንድሜ የሆነውን አልደበቀኝም። እጁ ተሳስቶበት ነው። እዚያ የሚደግፍ ነው አሉ መጀመሪያ የሚጠራው፤ እሱ የለመደው ደግሞ የሚቃወም ሲቀድም ነው። እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ። ለዚህ ቤት ሲል ስንት እንደተንከራተተ እናንተም ታውቃላችሁ። እኔ እምልለታለሁ።»

 ከዚያ አንድ ሽማግሌ «አይ መምህር፣ እርጅና ነው» አለ፤ ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም። ጀርባዬን ቸብ ቸብ ያደረገኝም ነበር። ያቺ ነፍሰ ጡር ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ መጣችና «ሁላችንም እንሳሳታለን፣ እርስዎ አይዘኑ» አለችኝ። ማሩኝ። ባላደረግኩት ነገር ማሩኝ።

እንደዚያ ብዬ ስጽፈው ምን ማለቴ ነው? ይቆይ።

ባለ ወፍጮው አልሳቀም። የጥሪውን ቅደም ተከተል እንለውጥ ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ ቆሞ የደገፈኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ትንሹ ምክር ቤትም «የሚደግፉ» ብሎ ሲጀምር ጎን ለጎን ተቀምጠን አብረን እጅ አውጥተናል። በሕዝቡ መሀል አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ።  አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ።

አልተናገረም። ስሄድ እስከ በሩ መጣ።

«መምህር» አለኝ፣ «ደግ እህት አለችህ።»

ባርኔጣውን አላነሣም።

እህቴ መጽሐፉን ራሷ ንባብ ቤቱ አደርሰዋለሁ ብላ ወሰደችው። በሩ ላይ የነበረውን የስሜን ሰሌዳ ደግሞ በመፍቻ ፈትታ፣ በአንሶላ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «የአንተ ነው፣ አቧራ አይብላው» አለችኝ። አሁን አልጋዬ ሥር ነው። ባለቤቴ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ማክሰኞ 5

እህቴ በጠዋት ደወለች፤ ድምፅዋ ደክሟል።

ያቺ ሴት ትናንት ንጋት ላይ ምጥ ያዛት። በአሸዋ መኪና ጭነዋት፣ ገና ወደ አዲሱ ሥራዋ ያልሄደችው እህቴም አብራ ወደ ሆስፒታል ተነሡ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ውኃው ላዩ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ጠበቁ፣ አልጎደለም። እዚያው፣ መኪናው ላይ፣ ሸራ ተወጥሮባቸው አዋለደቻት። ደም በዝቶባት ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ያጣኋት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ግን ተርፋለች። ልጁም ደህና ነው። ወንድ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ስሙን ማን እንዳሉት ገምት።»

አልገመትኩም።

«ያንተን ስም! ‹ለእኛ ብሎ የተንገላታ ሰው ነው፣ በእጁ ስሕተት ልቡ አይሰበር› ብላ እናትየው ናት ያወጣችለት። ደስ አይልህም?»



ረቡዕ 6

ዛሬ ሥራ አልገባሁም። አሞኛል ብዬ ደወልኩ።

እውነቱን ልጻፍ። ሌላ ቦታ ባልለው እዚህ ልበለው።

ሰምቻለሁ። አፈ ጉባኤው «የሚደግፉ እጃቸውን ያውጡ» ሲል ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ። ድምፅ ማጉያው ደህና ነበር። እዚህ ቤት ስድሳ ሦስት ጊዜ እጄን አውጥቻለሁ፤ ትናንት ከራሴ የቃለ ጉባኤ ቅጂዎች ላይ አንድ በአንድ ቆጠርኩት፤ አንድም ጊዜ ተሳስቼ አላውቅም። ስለ እህቴም እያሰብኩ አልነበረም። የማስበው ስለ ለስላሳው ነው። ከፊቴ ሁለት ረድፍ አልፎ ተቀምጦ ነበር፣ ፊቱን አዙሮ ሰው ያናግራል። እያየኝ እንኳ አልነበረም። እንዲያየኝ ብዬ ነው እጄን ከፍ ያደረግኩት።

የልማዱን ነገር ደግሞ ያዘጋጀሁት ከድምፁ በኋላ አይደለም። ማክሰኞ ከሰዓት ነው፣ ከሻዩ ስመለስ፣ ደረጃው ላይ ጉልበቴን ላሳርፍ በቆምኩበት። «ቢጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ» ብዬ አሰብኩ። ቁልፉንና ኪሱን ያኔ ነው ያገኘሁት። ጥሩ ምሳሌ ነው ብዬ በራሴ ተደሰትኩ።

ማንም አላስገደደኝም። ማንም አልለመነኝም። ምንጣፍ ያለው ቢሮ አማረኝ። በዚህ ዕድሜዬ «ትልቅ ሰው» መባል አማረኝ። አፍራለሁ። ይህን ቃል ሳልጽፈው ወር ሙሉ ዞርኩት።

ሐሙስ 7

ደወልኩላት። የጻፍኩትን አነበብኩላት፤ እያየሁ ካላነበብኩ አሳምረዋለሁ ብዬ ፈርቼ።

 ከወዲያ በኩል ወረቀት ሲገለጥ፣ ሰው ቁጥር ሲጠራ ይሰማል። ካርድ ክፍሉ ነው።

«ለማን ለማን ነገርክ?» አለችኝ።

«ላንቺ ብቻ።»

«ለእኔ ብቻ ነግረኸኝ ምን ላድርገው? እኔ እኮ ምዬልሃለሁ። ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ፣ ጋውኔን ለብሼ፣ ምዬልሃለሁ።» ድምፅዋን አላሳደገችም። «የእኔን ቃል ማን ይመልስልኛል?»

«ምን ላድርግ?»

«ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሰው ይኖራል። መጥተህ አንተው ራስህ አስተካክለው።»

ዘጋችው።

ዓርብ 8

የምክትል ሰብሳቢነቱን ለቅቄአለሁ ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። ለስላሳው ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ። «ጤና አጣህ እንዴ ወንድም ዓለም?» አለኝ በዚያ ድምፁ። እሱን የምቆጣበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ጸሐፊዋ ጋ ገባሁ። ማስተካከያ ይቻላል ወይ አልኳት። መነጽሯን አደረገች።

«ጊዜው አልፏል ክቡር። ታትሟል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«ስጠየቅ ‹አዎ› ብዬሽ ነበር፤ እንደዋሸሁሽ እንድታውቂ ነው።»

«የዚያን ዕለት አውቄዋለሁ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ባለቤቴ ሸሚዜን ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቅላልኛለች። የት ልትሄድ ነው አላለችኝም። «የድልድዩ ውኃ ጎድሏል ወይ ብለህ ቀድመህ ጠይቅ» ብቻ አለችኝ።

እሑድ 10

ነገርኳቸው።

ከገበያው መልስ ነበር፤ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን፣ ወንዶቹ በጎቻቸውን እንደያዙ በተቆለፈው ጣቢያ በረንዳ ፊት ቆሙ። ባለፈው ከነበሩት ያልመጣ አልነበረም፣ ያልነበሩትም መጥተዋል። እህቴ ከጎኔ አልቆመችም። ሰዉ መሀል ገብታ፣ እንደ ሌላው ሰው ሆና፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«እጄ አልተሳሳተም» አልኩ። «ጥሪውን ሰምቼ፣ አውቄ ነው ያወጣሁት። እህቴ የማለችላችሁ እኔ ዋሽቻት ነው። እሷ አልዋሸችም።»

«ለምን?» አለ ያ «እርጅና ነው» ያለኝ ሽማግሌ።

በመንገድ ላይ ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። «ወንበር ፈልጌ» አልኩ።

ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። ብሰደብ ይቀለኝ ነበር። አልሰደቡኝም። መጀመሪያ አንዷ ቅርጫቷን አንሥታ ሄደች፣ ቀጥሎ ሌላዋ። ጥቂት ቆይቶ ግቢው ውስጥ የበግ ኮቴ ብቻ ቀረ። ባለ ወፍጮው ዘግይቶ ወጣ፤ ባርኔጣውን በመጠኑ ነካ አደረጋት፣ አላነሣትም።

ያቺ ሴት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቀርታለች፤ ገና አቅም የላትም፣ ፊቷ ገርጥቷል። ልጁ ታቅፎ ተኝቷል። ካፊያ ጀመረ። ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ስሙን ብትቀይሩለት አልቀየምም» አልኳት።

ነጠላዋን ልጁ ፊት ላይ ሳብ አድርጋ ከካፊያው ጋረደችው።

«ለምን እንቀይርበታለን?» አለች። «ከእንግዲህ የእሱ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም።»

እህቴ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። ቦርሳዬን ተቀብላኝ ያዘችልኝ፣ ጉልበቴን እንደሚያመኝ ስለምታውቅ። ቦታዬን እስክይዝ ጠበቀች፤ በመስኮቱ አቀበለችኝ። «በደህና ግባ» አለችኝ። ጋሼ አላለችኝም።